ሣሩ ለምልሟል፤ ከሥሩ ያለው ውሃስ?
ከሰል ወጥቶበት በተደፈነ መሬት የከርሰ ምድር ውሃ እንዴት ይመረመራል

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በፔንሲልቫኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ገጠሮች የሚዘዋወር ሰው የድንጋይ ከሰል የወጣበትን መሬት ካልወጣበት ለመለየት ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ቀድሞ ገደል የነበረው ተደፍኖ ተደልድሏል። ለም አፈር ተመልሶለታል፤ ኖራና ማዳበሪያ ተበትኖበታል፤ ፌስኪው የተባለው ሣር ተዘርቶበት ከብት ይግጥበታል። ከኮረብታው ግርጌ ያለውን ምንጭ የተመለከተ እንደሆነ ግን በአንዳንድ ቦታ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ውሃው የሚወርድበት ድንጋይ ሁሉ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ ቀይ ዝቃጭ ለብሷል። በጅረቱም ውስጥ ዓሣ አይታይም።

ይህ ልዩነት ለገበሬው ትልቅ ትርጉም አለው። የመሬቱን ገጽ መልሶ ማልማትና ከመሬቱ ሥር ያለውን ውሃ ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው የሚታወቀው በልኬት ብቻ ነው። የፔንሲልቫኒያ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚያስረዳው በግዛቲቱ ውስጥ ከማዕድን በሚወጣ ውሃ የተበላሹት ወንዞችና ጅረቶች ርዝመታቸው ከ8,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያው ግዛት ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚጠጣው በየግቢው ከተቆፈረ የግል ጉድጓድ ነው። የግል ጉድጓድን የማስመርመር ኃላፊነትም የባለቤቱ የራሱ እንጂ የመንግሥት አይደለም። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውሃ ጥራት ጉዳይ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ የእንስራ ውሃ ጉዳይ ነው።

ከመሬት በታች የሚሆነው ምንድን ነው?

የድንጋይ ከሰል ባለበት አለት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ፓይራይት የተባለ ማዕድን አብሮ ይገኛል። ፓይራይት ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት፣ ሲያዩት ወርቅ የሚመስል ቢጫ ድንጋይ ነው። አየር በማይደርስበት ጥልቀት ተቀብሮ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። ከሰሉን ለማውጣት በላዩ ያለው አለት በደማሚት ሲፈረካከስና ሲገለበጥ ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት አየር ያልነካው ፓይራይት ከአየርና ከዝናብ ውሃ ጋር ይገናኛል። በዚህም ጊዜ የድኝ አሲድ ይፈጠራል። ይህ አሲድ በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ዓይነት ነው። ከአሲዱም ጋር የሟሟ ብረት ይወጣል።

ሥራውን የሚያፋጥኑ ጥቃቅን ነፍሳትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ተመራማሪዎች ከከሰል ማዕድን በሚወጣ አሲዳማ ውሃ ውስጥ በብረት የሚመገብ ባክቴሪያ መኖሩን ገለጹ። ይህ ባክቴሪያ ሌላው ፍጥረት በሚሞትበት አሲድ ውስጥ እየተራባ የፓይራይቱን መበስበስ እጅግ ያፋጥነዋል። የተፈጠረውም አሲድ በየሄደበት ከአለቱ ውስጥ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም እየሟሟ ከውሃው ጋር እንዲቀላቀሉ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ከሰል በወጣበት መሬት ሁሉ ውሃው አሲድ ይሆናል ማለት አይደለም። ከፓይራይቱ ጋር የኖራ ድንጋይ ወይም ኖራ ያለበት አለት በበቂ መጠን ካለ አሲዱን ያበርደዋል። ለዚህም የሚጠቅም ስሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጠንቶ በሥራ ላይ ውሏል። በስሌቱ መሠረት አንድ ሺህ ቶን አለት ውስጥ በፓይራይት መልክ ያለው ድኝ ከመቶ አንድ እጅ ከሆነ፣ ሊፈጠር የሚችለውን አሲድ ለማብረድ 31.25 ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ድኙ ከመቶ ሁለት እጅ ከሆነ የሚያስፈልገውም ኖራ እጥፍ ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ይህ መጠን እንኳ በአንዳንድ ሁኔታ እንደማይበቃና እጥፍ ሊያስፈልግ እንደሚችል አመልክተዋል። ስለዚህም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከከሰሉ በላይ ያለውን አለት ከላይ እስከ ታች ናሙና እየወሰዱ፣ በየንጣፉ ያለውን ድኝና ኖራ ማመዛዘን የተለመደ አሠራር ሆኗል።

ሣሩ ስለ ውሃው ለምን አይመሰክርም?

የተደፈነው መሬት ላይ ያለው ሣር ሥሩ የሚሰድደው በላይኛው አፈር ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የተመለሰው አፈር ቀድሞ ተጠርጎ ለብቻው ተከምሮ የቆየ ሲሆን፣ ኖራና ማዳበሪያም ታክሎበታል። ሣሩ መልካም ሆኖ ቢበቅል የሚያሳየው ይህ የላይኛው አፈር መልካም መሆኑን ብቻ ነው። ፓይራይቱ ግን ከዚያ በብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ በተደፈነው ፍርክስካሽ አለት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ የተደፈነ መሬት ውሃን የሚያሳልፍበት መንገድ ከቀድሞው የተለየ ነው። ያልተነካ አለት ውሃን የሚያሳልፈው በስንጥቆቹ በኩል በቀስታ ነው። ተፈረካክሶ የተደፈነው ግን በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ባዶ ቦታ ስለሚበዛበት ዝናብ በቶሎ ወደ ታች ሰርጎ ይገባል፤ ከጉድጓዱ ወለልም ላይ ይጠራቀማል። የውሃው ከፍታ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይወጣና አዲስ መውጫ ፈልጎ ከኮረብታው ጎን ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ይህ አዲስ ምንጭ ቀድሞ ከነበረው ምንጭ ጋር በቦታም በጥራትም ላይመሳሰል ይችላል። ብክለቱም ሣር ከተዘራ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አልፎ አልፎም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የከሰል ቁፋሮ ለረጅም ዘመን የተካሄደው ጉድጓዱን ቆፍሮ ጥሎ በመሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከመሬት ገጽ የሚካሄድ የከሰል ቁፋሮን የሚቆጣጠርና መሬቱ መልሶ እንዲለማ የሚያስገድድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለም አፈሩ ተለይቶ እንዲቀመጥና እንዲመለስ፣ የመሬቱም ቅርጽ ወደ ቀድሞው እንዲቃረብ ከማዘዙ ሌላ ስለ ውሃ ሦስት ቁም ነገሮችን ደንግጓል።

አንደኛው፣ ፈቃድ የሚጠይቀው ድርጅት ከመቆፈሩ በፊት በአካባቢው ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ መጠንና ጥራት ለክቶ፣ ቁፋሮው በውሃው ላይ ሊያመጣ የሚችለውን ለውጥ አስቀድሞ እንዲያስረዳ ነው። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ ለማገገሚያው ሥራ ዋስትና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያስይዝ ነው። የመጨረሻው ዘርና ማዳበሪያ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ በቂ ዝናብ ባለበት አገር አምስት ዓመት፣ ዝናብ አጠር በሆነው የምዕራቡ ክፍል ደግሞ አሥር ዓመት ሳይሞላ የድርጅቱ ኃላፊነት አያበቃም። ሦስተኛውና ለገበሬው ይበልጥ የሚቀርበው፣ ከመሬት ገጽ በሚካሄድ ቁፋሮ ምክንያት ለመጠጥ ወይም ለእርሻ የሚጠቀምበት ውሃ የተበከለበት፣ የቀነሰበት ወይም የተቋረጠበት ባለይዞታ ውሃው በሌላ እንዲተካለት ድርጅቱን የሚያስገድደው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገበሬው «ውሃዬ ተበላሸብኝ» ሲል «ቀድሞ ምን ዓይነት ነበር?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ቁፋሮው ሳይጀመር የተለካ የውሃ መዝገብ ያለው ሰው መልሱን በእጁ ይዟል። የሌለው ግን ጎረቤቶቹ ቢመሰክሩለትም ሙግቱ ይረዝምበታል። ከጥንቱም ብዙ ምንጭ በተፈጥሮው ብረት አለበት፤ ድርጅቱም ይህንኑ ማንሳቱ አይቀርም። ያልተለካ ውሃ መሟገቻ የለውም።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በተደፈነ መሬት ላይ የከርሰ ምድር ውሃን ለመመርመር የመጀመሪያው ሥራ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ሁልጊዜ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ አይፈስም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ተቆፍረው በእያንዳንዱ ውስጥ የውሃው ከፍታ ይለካል። ከሦስቱ ልዩነት የውሃው መሄጃ አቅጣጫ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ አንዱ መመርመሪያ ጉድጓድ ቁፋሮው ካልነካው ከላይኛው በኩል፣ ሌሎቹ በተደፈነው መሬት ውስጥና ከእርሱ በታች በኩል ይደረጋሉ። የላይኛው ጉድጓድ እንደ ምስክር ነው፤ ውሃው ማዕድኑን ሳይነካ ምን ዓይነት እንደሆነ ያሳያል። በአካባቢው ያሉ ምንጮችና የቤት ጉድጓዶችም አንድ በአንድ ይመዘገባሉ።

ናሙና አወሳሰዱም የራሱ ሥርዓት አለው። በጉድጓዱ ቧንቧ ውስጥ ቆሞ የሰነበተ ውሃ አየር ስለነካው በአለቱ ውስጥ ያለውን ውሃ አይወክልም። ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል ተስቦ ከወጣ በኋላ ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ያህል የቧንቧው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር፣ በውስጡ የቆመው ውሃ ከፍታ 12 ሜትር ቢሆን በቧንቧው ያለው ውሃ 94 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሦስት እጥፉ 280 ሊትር ያህል ነው። ውሃው እየተሳበ ሳለም ሙቀቱ፣ የአሲድነት መጠኑና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው በየጊዜው ይለካል። ቁጥሮቹ መለዋወጣቸውን ሲያቆሙ ከአለቱ የሚመጣው አዲስ ውሃ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚያም ናሙናው በሁለት ጠርሙስ ይቀዳል። ብረትና ማንጋኒዝ የሚመረመርበት ውሃ በእጅግ ቀጭን ማጣሪያ ተጣርቶ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አሲድ ካልተጨመረበት ብረቱ በመንገድ ላይ ዝጎ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጥና ላቦራቶሪው «ብረት የለም» ይላል። ሳይጣራ አሲድ ከተጨመረበት ደግሞ በውሃው ውስጥ የነበረው ጭቃ ይሟሟና ብረቱ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይታያል። ሰልፌትና አሲድ የማብረድ አቅሙ የሚለካበት ሁለተኛው ጠርሙስ አሲድ አይነካውም። ሁለቱም በበረዶ በታሸገ ሣጥን ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆነው ሳይዘገዩ ወደ ላቦራቶሪ ይላካሉ። በጠርሙሱ ላይ የጉድጓዱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፋል። ይህ ቀላል የሚመስል ጥንቃቄ ሲጓደል የብዙ ወር ድካም ከንቱ ይሆናል።

የአሜሪካ ደንብ የቁፋሮ ድርጅቶች የውሃውን ሁኔታ በየሦስት ወሩ እንዲያሳውቁ ያዝዛል። ቢያንስ የውሃው ከፍታ፣ የአሲድነቱ መጠን፣ ጠቅላላ ብረት፣ ጠቅላላ ማንጋኒዝ፣ እንዲሁም የሟሙ ነገሮች ድምር ወይም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው መለካት አለባቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ናሙና ሊያሳስት ይችላል። በደረቁ ወራት በፍርክስካሹ አለት ላይ የተከማቸው ጨው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን የተቀዳው ውሃና በክረምቱ ማብቂያ የተቀዳው ውሃ እጅግ የተለያዩ ይሆናሉ።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

የላቦራቶሪ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በሊትር ይህን ያህል ሚሊ ግራም እየተባለ ነው። በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ማለት በአንድ ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም አለ ማለት ነው።

የአሲድነት መጠን የሚለካው ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ ነው። ሰባት ቁጥር አሲድም ያልሆነ፣ አሲድን የሚያበርድም ያልሆነ መካከለኛ ውሃን ያመለክታል። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አሲድነቱ በአሥር እጥፍ ይጨምራል። በመሆኑም ፒ ኤች 4 የሆነ ውሃ ከ6ቱ ይልቅ መቶ እጥፍ አሲድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለመጠጥ ውሃ ጣዕም፣ ቀለምና መልክ ባወጣው መመሪያ ፒ ኤች ከ6.5 እስከ 8.5፣ ብረት በሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም፣ ማንጋኒዝ ከ0.05 ሚሊ ግራም፣ ሰልፌት ከ250 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ማንጋኒዝ ሲበዛ በተለይ ለሕፃናት የነርቭ ጤና የሚያሰጋ በመሆኑ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በሊትር 0.08 ሚሊ ግራም የሚል ጊዜያዊ የጤና መመሪያ አውጥቷል።

ከነዚህ ሁሉ ውስጥ መርማሪዎች በተለይ የሚከታተሉት ሰልፌትን ነው። ፓይራይት በሰበሰ ቁጥር ሰልፌት ይፈጠራል። አሲዱ በኖራ ድንጋይ ቢበርድም፣ ብረቱ በመንገድ ላይ ቢዘቅጥም ሰልፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ከተደፈነው መሬት በታች ባለ ጉድጓድ ውስጥ ፒ ኤቹ 7 ሆኖ ሳለ ሰልፌቱ ከላይኛው ምስክር ጉድጓድ ብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ ውሃው ፓይራይት በበሰበሰበት አለት በኩል ማለፉን የሚያመለክት ጠንካራ ምልክት ነው። ብረት ብቻውን በዝቶ ሰልፌቱ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ምክንያቱ የአካባቢው አለት ሊሆን ይችላል።

ፒ ኤች ብቻውን የሚያሳስትበት ሌላም ምክንያት አለ። ከጥልቅ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ጥርት ብሎ፣ ፒ ኤቹም ወደ 6 ተጠግቶ ሊገኝ ይችላል። በክፍት ዕቃ ሲያድር ግን በውስጡ የሟሟው ብረት አየር ነክቶት ይዝጋል፤ ውሃው ይቀላል። ብረቱ ሲዝግ ደግሞ ተጨማሪ አሲድ ስለሚፈጥር፣ ውሃው የማብረድ አቅም ካነሰው ፒ ኤቹ ከ4 በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በጉድጓዱ አፍ ላይ ከሚለካው ፒ ኤች ጋር ብረቱና አሲድ የማብረድ አቅሙ አብረው መታየት አለባቸው።

በቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። የታጠበ ነጭ ልብስ ቀይ ነጠብጣብ ካወጣ ብረት፣ ጥቁር ከሆነ ማንጋኒዝ ሊሆን ይችላል። ብረት ባለበት ውሃ የተፈላ ሻይ ይጠቁራል። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲልና ባቄላ አልበስል ሲል ውሃው ጨው እንደበዛበት ይገመታል። እነዚህ ግን ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቁም። ደግሞም የገጠር ጉድጓድ ችግር ሁሉ ከከሰል የመጣ አይደለም። ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት የሚገባ ጀርም ከዚህ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ናሙናው ለጀርምም አብሮ መመርመር ይኖርበታል። ውሃን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ብረቱን፣ ማንጋኒዙንና ሰልፌቱን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ሰልፌቱና ሌላው የሟሟ ጨው ይበረታል።

ስለ ከብትም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለጥጆች የሚሰጥ ውሃ በሊትር ከ500 ሚሊ ግራም፣ ለትላልቅ ከብቶች ደግሞ ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ ሰልፌት ባይኖርበት ይመክራሉ። ከዚህ ሲበልጥ ከብቱ ይቀዝናል፤ ውሃውን ስለማይወደው በቂ አይጠጣም፤ ክብደቱም ይቀንሳል። እጅግ ሲበዛም አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል።

ከተበላሸ በኋላ የሚከፈለው ዋጋ

የተበከለ ውሃን ማከም ይቻላል። ውሃውን በኖራ ድንጋይ በተሞላ ቦይ ማሳለፍ፣ ብረቱ እንዲዘቅጥ በኩሬ ማስተኛት፣ ከዚያም ሣርና ቄጠማ በበቀለበት ረግረግ ማጣራት በብዙ ቦታ ጥሩ ውጤት አስገኝቷል። ነገር ግን የኖራው ድንጋይ በብረት ዝገት ይሸፈናል፤ ኩሬው በዝቃጭ ይሞላል፤ ሁለቱም በየጊዜው መጠረግና መታደስ ይፈልጋሉ። ውሃው መፍሰሱን እስካላቆመ ድረስ ሥራውም አያቆምም። በዚህ ምክንያት በፔንሲልቫኒያ ከወለዱ ብቻ እየተከፈለ ውሃውን ሳያቋርጥ የሚያሳክም የአደራ ገንዘብ ማስቀመጥ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል።

ከ1977ቱ ሕግ በፊት ተቆፍረው የተጣሉት ማዕድኖች ደግሞ ተጠያቂ ባለቤት የላቸውም። ለእነርሱ ማገገሚያ ሕጉ ከሚወጣው እያንዳንዱ ቶን ከሰል ላይ ክፍያ እንዲሰበሰብ አድርጓል፤ በመጀመሪያ ከመሬት ገጽ ለሚወጣው በቶን 35 ሳንቲም፣ ከዋሻ ውስጥ ለሚወጣው 15 ሳንቲም ነበር። ይህም ባለመብቃቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለተጣሉ የከሰል ማዕድን መሬቶች በ15 ዓመታት ውስጥ የሚከፈል ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። አያቶች ያወጡትን ከሰል ዕዳ የልጅ ልጆች በመክፈል ላይ ናቸው ማለት ነው።

የግል ጉድጓድ ላላቸው ገበሬዎች ትምህርት የመስጠቱ ሥራ በዚያ አገር በአብዛኛው የተጣለው በእርሻ ኤክስቴንሽን ላይ ነው። የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ የጉድጓድ ባለቤቶችን እያሠለጠነ፣ እነርሱም በተራቸው ጎረቤቶቻቸውን ውሃ እንዲያስመረምሩ እንዲመክሩ አድርጓል። ለገበሬ ምክር የሚዘልቀው ከጎረቤት ሲመጣ መሆኑ በየትም አገር የታወቀ ነው።

ለእኛስ ምን ትምህርት አለው?

በኢትዮጵያ የድንጋይ ከሰል በያዩ፣ በደልቢ ሞዬ፣ በዳውሮና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ያስመጡት የነበረውን ከሰል በሀገር ውስጥ ምርት ለመተካት በሚደረገው ጥረት ቁፋሮው እየሰፋ መጥቷል። ይህ የውጭ ምንዛሪ የሚያድንና ለወጣቶች ሥራ የሚከፍት በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሰሉ ያለበት የደቡብ ምዕራቡ አገር ዝናቡ ለብዙ ወራት የማይቋረጥበት፣ ብዙ ሕዝብ ከምንጭ የሚቀዳበት፣ ቡናና እንሰት የሚለማበት ነው። የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

የአለቱም ዓይነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የኢትዮጵያ ከሰል በአብዛኛው የሚገኘው በባዛልት ንጣፎች መካከል ነው። የኖራ ድንጋይ በብዛት ያለው በዓባይ ሸለቆ፣ በመቀሌ አካባቢና በሐረርጌ ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራቡ ደጋ የሚበዛው ባዛልት ነው። ባዛልት አሲድን የሚያበርደው ከኖራ ድንጋይ ይልቅ በቀስታ ነው። ይህ ማለት ውሃው የግድ ይበላሻል ማለት አይደለም፤ በየቦታው ያለው ከሰልና አለት ምን ያህል ድኝ፣ ምን ያህል የማብረድ አቅም እንዳለው ሳይለኩ መቆፈር አይገባም ማለት ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ሲወጡ የግምገማና የማገገሚያን ግዴታ ደንግገዋል። ሕግ ሥራ የሚሠራው ግን የሚለካ ሰውና የሚጠበቅ መዝገብ ሲኖር ነው።

በየቀበሌው ያለው የግብርና ልማት ሠራተኛ ከቀበሌው አስተዳደርና ከውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር በመሆን ሊያከናውናቸው የሚችላቸው ተግባሮች አሉ። ቁፋሮ በታሰበበት አካባቢ ያሉትን ምንጮች፣ ጉድጓዶችና የከብት ማጠጫዎች በስማቸው መመዝገብ፤ የየምንጩን የፍሰት መጠን የታወቀ ባልዲ ለመሙላት በሚወስደው ጊዜ መለካት፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ናሙና ተወስዶ ፒ ኤች፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ሰልፌት እንዲመረመር መጠየቅ፤ ውጤቱ በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ አንዱ ቅጂ በቀበሌው እንዲቀመጥ ማድረግ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላም በእነዚያው ቦታዎች፣ በእነዚያው ወራት ልኬቱ መቀጠል አለበት። ጉድጓዱ ተደፍኖ ሣር ሲበቅልበት ሥራው አለቀ ብሎ መዝገቡን መዝጋት አይገባም፤ አሜሪካውያን ዋጋ የከፈሉበት ትምህርት ይኸው ነው።

የምንጩ ሽማግሌዎችና ውሃ ቀጂ እናቶችም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚጎድል፣ ጣዕሙ መቼ እንደሚለወጥ፣ ከብት የትኛውን ውሃ እንደሚሸሽ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። የእነርሱ ዕውቀት ከላቦራቶሪው ቁጥር ጋር በአንድ መዝገብ ሲሰፍር ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ማስረጃ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የአንድ ምንጭ ናሙና ለማስመርመር የሚወጣው ወጪ የተበከለ ውሃን ለትውልድ ከማከም ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። መሬትን መልሶ ማልማት የሚመሰገን ሥራ ነው። ምስጋናው የሚሞላው ግን ከዚያ መሬት ሥር የሚፈልቀው ውሃ እንደ ቀድሞው ለልጅም ለጥጃም የሚጠጣ መሆኑ በልኬት ሲረጋገጥ ነው።